የድልድዩን ግድግዳ የሣሉት የጋሽ ምንይሉታል የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ምንይሉታል በ1944 ዓ.ም. ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከቦዩ ድልድይ አጠገብ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ወሩን በውል የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እናታቸው «ጎርፉ ደጃፋችን ድረስ የመጣ ሳምንት» ይሉ ስለነበር ቤተሰቡ ክረምት ነው ብሎ ይዞታል። ከስድስት ልጆች አራተኛው ነበሩ።

ምንይሉታል ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ቀለም ቀቢ ከሆኑ በኋላ፣ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የቀለሙን ቆርቆሮ ከፍተው ለቤቱ ባለቤት እያሳዩ «ይህን ቀለም እርስዎ ምን ይሉታል?» ብለው ይጠይቁ ነበርና፣ ከዚያ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። መታወቂያቸው ላይ በተጻፈው ስም ሲጠሯቸው ሌላ ሰው የተጠራ ይመስላቸው ስለነበር፣ በዚህ ጽሑፍም በለመዱት እንጠራቸዋለን።

ከቤተሰቡ ውጪ እምብዛም ያልተሰማ አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ መነገር አለበት። ጋሽ ምንይሉታል ቀይንና አረንጓዴን አይለዩም ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀለም ሲቀቡ ኖረው፣ ከተማችን የተከፈለችባቸውን ሁለት ቀለሞች አንዱን ከሌላው ለይተው አንድም ቀን አላዩም። በሥራ ላይ ሳሉ ቢታወቅባቸው የዕለት ጉርሳቸው ያበቃ ነበር። ዛሬ ሲነገር ደግሞ የድልድዩ ግድግዳ ክብሩን ያጣ ይሆን ብሎ ቤተሰቡ ብዙ ተጨንቋል። ነገር ግን «በቀብሬ ቀን ይነበብ» ብለው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት እንደሚከተለው ተጽፏል።

ነገሩን መጀመሪያ ያወቁት ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ነው። እናታቸው ከሳጥኑ ቀይ ክር እንዲያመጡ ላኳቸው፤ አረንጓዴ ይዘው መጡ። መለሷቸው፤ አሁንም አረንጓዴ። «ይሄ ልጅ ዛሬ ሊያላግጥብኝ ነው» ብለው ጆሯቸውን ቆነጠጧቸው። ጋሽ ምንይሉታል ስለ ቁንጥጫው ብዙም አላሰቡበትም። ያሰቡበት፣ እናታቸው በሁለቱ ክሮች መካከል የሚያዩት ነገር ምን ይሆን የሚለው ነበር። በማግሥቱ ሁለቱን ክር ኪሳቸው ከተው ትምህርት ቤት ሄዱና ከሠላሳ በላይ ልጆችን አንድ በአንድ ጠየቁ። ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ። ጉድለቱ ከእሳቸው እንደሆነ ገባቸው። ከዚያ በኋላ «ቀዩ የትኛው ነው?» ብለው ጠይቀው አያውቁም፤ ሰውየው ራሱ እንዲናገር ማድረግ ተማሩ።

በድልድዩ አጠገብ በነበረው ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ ያልቀጠሉት በ1957 ዓ.ም. ከተማው ለሁለት ስለተከፈለና ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ነው። ጠቡ በምን እንደተነሣ ሲጠየቅ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። ጋሽ ምንይሉታል አሥራ አንድ ዓይነት ምክንያት ሰምተው ሁሉንም ደብተራቸው ላይ አስፍረዋል። ከቦዩ በላይ ያለው ላይ ሰፈር፣ ከቦዩ በታች ያለው ታች ሰፈር ተባለ። ገበያው ሁለት ሆነ፤ ክሊኒኩም ሁለት። አውቶቡሱ ድልድዩ ጋ ደርሶ ይዞር ጀመር። የማን ቤት የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ደግሞ ሰው የግድግዳውን ሥር እስከ ጉልበት ድረስ በሰፈሩ ቀለም መቀባት ያዘ። ላይ ሰፈር የቅጠል አረንጓዴ፣ ታች ሰፈር የጡብ ቀይ። ለጋሽ ምንይሉታል ሁለቱም የደረቅ አፈር መልክ ነበራቸው። ሌላው ሰው ድልድዩን ሲሻገር ከተማው ሲለወጥበት፣ ለእሳቸው ያው ከተማ ይቀጥል ነበር።

በ1959 ዓ.ም. ከአንድ የታወቁ ቀለም ቀቢ ዘንድ ሥራ ገቡ። ቀለም የማይለይ ሰው ከሙያዎች ሁሉ መርጦ ይህን ለምን እንደያዘ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ጠይቋቸዋል። መልሳቸው «የማይገባኝ ነገር ያለው እዚያ ነበራ» የሚል ነው። አሮጌ ልስን መፋቅ፣ ስንጥቅ በስቱኮ መድፈን፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ኖራ የነካ ሲባጎ ወጥረው ቀጥ ያለ መስመር ማውጣት ለእጃቸው ቀላል ሆነ። መስመራቸው ስለማይዛነፍ አለቃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላ የቤቶችን ሥር ለእሳቸው ብቻ መስጠት ጀመሩ። አለቃቸው ቀለሙን በጥብጠው ስለሚሰጧቸው ምንም ችግር አልገጠማቸውም። ችግሩ የመጣው በ1966 ዓ.ም. ራሳቸውን ችለው ሲወጡ ነው።

ራሳቸውን ችለው በወጡ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ከቀለም መሸጫው ሻጭ ጋር ትዳር መሠረቱ። ትውውቃቸው እንዲህ ነበር። ጋሽ ምንይሉታል በየሳምንቱ እየመጡ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ምን እንደሚባል ይጠይቃሉ። ሻጯ መጀመሪያ ሊያናግሩኝ ፈልገው ነው ብለው ገመቱ። በአራተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ስላልጣማቸው፣ ቀይ ሲጠይቋቸው ሆን ብለው አረንጓዴ ሰጧቸው። ጋሽ ምንይሉታል አመስግነው ተሸክመው ሄዱ። ሻጯ ከኋላቸው ሮጠው ደረሱባቸውና «አንተ ሰውዬ፣ ልታስገድል ነው እንዴ? ይሄን ይዘህ ታች ሰፈር ልትገባ?» አሏቸው። ጋሽ ምንይሉታል መንገድ ዳር ቆርቆሯቸው ላይ ቁጭ ብለው እውነቱን ተናገሩ። ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ተጋቡ። «ሌላው ሚስት ያገባል፣ እኔ ዓይን አገባሁ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ባለቤታቸውም «ዓይንህ ዛሬ ደክሟታል፣ ሳህኑን አንተ እጠብ» ይሏቸው ነበር።

ባለቤታቸው ቀለሙን ከበርሜል እየቀዱ በአሮጌ ቆርቆሮ ያዘጋጁላቸዋል። ለላይ ሰፈር በሚሆነው ክዳን ላይ «ላ»፣ ለታች ሰፈር በሚሆነው ላይ «ታ» ብለው በጥቁር ይጽፉበታል። በዚህ ዘዴ ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ስሕተት ሳይፈጠር ሠርተዋል። ከሁለቱ ሰፈር የአንዱም ሰው አልጠረጠረም።

በትዳራቸው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ትልቋ ልጃቸው በ1970 ዓ.ም. ተወለደች። በ1977 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሊያስገቧት ሲሄዱ፣ የላይ ሰፈሩ ትምህርት ቤት «ቤታችሁ ከድልድዩ በታች ነው» ብሎ መለሳቸው፤ የታች ሰፈሩ ደግሞ «ከድልድዩ በላይ ነው» አለ። ጋሽ ምንይሉታል ሜትር ይዘው ከቤታቸው እስከ ድልድዩ መካከል ለክተው ለሁለቱም አቀረቡ። ሰባት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ «ነገ እኔው አስተምራታለሁ» አሉ። ግን ጠዋት መሰላላቸውን ተሸክመው ይወጣሉ፣ ሲገቡ ክንዳቸው አይነሣም፣ ነገ ይላሉ። ለታናናሾቿ ጊዜ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተስማምተው የድልድዩን ልጆች ማካፈል ጀመሩ። ትልቋ ግን ሳትማር አደገች። ጋሽ ምንይሉታል እስከ ዕለተ ሞታቸው ከተጸጸቱባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ባለቤታቸው በድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሐዘኑ ከባድ ነበር፤ ሥራውም ተበላሸ። ያኔ ሁለት ልጆች የወለደችው ትልቋ ልጃቸው እየመጣች ቆርቆሮውንና ብሩሹን በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ ታጥብላቸው ጀመር። እናቷ ያዘጋጇቸው ክዳኖች አሁንም ነበሩ፤ ጋሽ ምንይሉታል ከመሸጫው በስሙ ጠይቀው የገዙትን ቀለም በየፊደሉ ቆርቆሮ ይገለብጡ ነበር። የአባቷን ዓይን ጉዳይ ልጆቻቸው እንዲያውቁ ወላጆቿ ፈልገው አያውቁም። በሚያዝያ 1995 ዓ.ም. አንድ ቀን ክዳኖቹን ሁሉ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ ሲደርቁም በእጇ የገባውን እያነሣች ቆርቆሮዎቹን ከደነች። ለእሷ ክዳን ክዳን ነበር። ላዩ ላይ ያለው ጥቁር ጭረት ፊደል መሆኑን ብታውቅም ምን እንደሚል አታውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ ምንይሉታል «ታ» ያለበትን ቆርቆሮ ይዘው የታች ሰፈርን ትልቁን ዳቦ ቤት ለመቀባት ሄዱ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ምድጃው ላይ ስለነበሩ፣ የልማዳቸውን ጥያቄ ሳይጠይቁ ጀመሩ። ግድግዳው ሠላሳ እርምጃ ይሆናል። መንገደኛው እየቆመ ያያቸዋል፣ እሳቸውም ሥራቸውን የወደደ መስሏቸው ሰላም ይላሉ። አብዛኛው ሰው ባለቤቷ ያዘዙት መስሎት መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ከሰዎቹ አንዱ «ዳቦ ቤቱን ላይ ሰፈር ገዛው እንዴ?» አለ። ሌላው ተቀበለና «ማን ልኮህ ነው?» አላቸው። ጋሽ ምንይሉታል ግድግዳውን አዩ፤ ምንም አልነገራቸውም። የሰዎቹን ፊት ሲያዩ ግን ምን እንዳደረጉ ገባቸው።

ላይ ሰፈር ልኮኛል ካሉ ከዚያ በሰላም አይወጡም። አይታየኝም ካሉ ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ ግድግዳውን የሚሰጣቸው ሰው አይገኝም። ብሩሻቸውን እንደያዙ ቆሙ። ሰዉ እየበዛ ሄደ። ጫጫታው ድልድዩን ስለተሻገረ የላይ ሰፈር ኮሚቴ ሊቀመንበር ራሳቸው መጡ። ሊቀመንበሩ የሰፈራቸውን አረንጓዴ ማንም ያለ ፈቃድ እንዳይነካው በመጠበቅ የታወቁ ኮስታራ ሰው ነበሩ። የታች ሰፈር ሰዎች ሊቀመንበሩን «ይሄን አንተ ነህ ያስቀባኸው?» ብለው ጠየቋቸው። ሊቀመንበሩ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩና «እኔ ምንም የተለየ ነገር አይታየኝም» አሉ። ሕዝቡ እንደ ንቀት ቆጠረው። ቆርቆሮው በእርግጫ ተገለበጠ፣ ድንጋይ ያነሣም ነበር።

ይህን ጊዜ ባለ ዳቦ ቤቷ እስከ ክርናቸው ዱቄት ሆነው ወጡ። ግድግዳውን፣ ተገልብጦ የወደቀውን ቆርቆሮ፣ ከዚያም ክዳኑ ላይ ያለውን «ታ» ተራ በተራ አዩ። ወደ ጋሽ ምንይሉታል ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ ይሄን እርስዎ ምን ይሉታል?» አሏቸው። ጋሽ ምንይሉታል በብሩሹ ጫፍ ክዳኑን አመለከቷቸው። ባለ ዳቦ ቤቷ ወደ ሕዝቡ ዞሩና «ይሄ የመጀመሪያው እጅ ነው። ቀዩ ነገ ከላዩ ይመጣል። ሥሩ አረንጓዴ ካልሆነ ቀይ አይዝም፣ ይላጣል። እናንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቀለም ቀቢ የሆናችሁት?» አሉ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ከመካከላቸው ስለ ቀለም የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አንድ ሁለት እያለ ተበተነ።

በማግሥቱ ባለ ዳቦ ቤቷ አጠገባቸው ቆመው ቀዩን ከላዩ አስቀቡ። በጉዳዩ የተደነቁት ግን ጋሽ ምንይሉታል ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የታች ሰፈር ሰው ቀይ ሊያስቀባ ሲጠራቸው «እንደ ዳቦ ቤቱ መጀመሪያ አረንጓዴ ይደረግበት፣ እንዳይላጥብን» ይላቸው ጀመር። አያስፈልግም ቢሉ «ለሌላው አድርገህ ለእኛ ልትሰስት ነው?» ይሏቸዋል። እሺ አሉ። ዛሬም ታች ሰፈር ውስጥ ለሚያልፍ ሰው፣ ቀለሙ የተፋቀበት ግድግዳ ላይ ከቀዩ ሥር አረንጓዴ ብቅ ብሎ ይታያል። ምክንያቱን ለሚጠይቁ ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ያን ቀን ትልቋ ልጃቸው የሆነውን ስትሰማ ክዳኖቹን አስታወሰችና አለቀሰች። ጋሽ ምንይሉታል የዓይናቸውን ነገር ያኔ ነገሯት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፊደል ያላስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ» አሉና ሁለቱን ክዳን ጎን ለጎን አድርገው አሳዩዋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ፊደል ዐወቀች። ቆርቆሮዎቹን ከዚያ ወዲህ የከደነቻቸውም እሷ ናት።

በ1997 ዓ.ም. ቦዩ በጎርፍ ሞልቶ ሁለቱንም ሰፈር ስላጠቃ ኮሚቴዎቹ አብረው ለማጽዳት ተገደዱ። ከጽዳቱ በኋላ በድልድዩ አጠገብ ያለው የአሮጌው መጋዘን ግድግዳ ተራቁቶ ቀረ። ርዝመቱ ስድሳ ሜትር ሲሆን ከሁለቱም ወገን ይታያል። ሥዕል ይሣልበት ተባለ፤ ሁለቱም ጋ የሠራ ሰው ሲፈለግ ጋሽ ምንይሉታል ተጠሩ። ስብሰባው ግን ገና ስለ ሥዕሉ ሳይነሣ ስንት ሜትር ቀይ፣ ስንት ሜትር አረንጓዴ ይሁን በሚለው ላይ ተሟጠጠ። ጋሽ ምንይሉታል ቤት ገብተው አሰቡበት። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት፣ በዚያ ስፋት፣ በሁለት ፊደል ተማምኖ መሥራት አይቻልም። ባለ ዳቦ ቤቷን ሲያማክሯቸው «የማያዩትን ለምን ይቀባሉ? የሚያዩትን ይቀቡ» አሏቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው «ወይ ሁለታችሁም ቀለማችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ወይ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ። ሦስት ወር ከተከራከሩ በኋላ፣ አንዱም ሌላውን እንደማይበልጥ ሲያረጋግጡ ተስማሙ።

ግድግዳው አሥራ አራት ወር ፈጀ። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ተጠቀሙ። ምን እንደሚሣል የወሰኑት በመጠየቅ ነው። ጠዋት ጠዋት በድልድዩ ጫፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ «ከቤትህ ስትወጣ መጀመሪያ ዓይንህ የሚያርፈው ምን ላይ ነው?» ይሉት ነበር። ሰው ትልቅ ነገር ይናገራል ብለው ሲጠብቁ፣ የቦይ ክዳን አላቸው፤ የሱቅ ጥላ፤ የጎረቤት ድመት፤ የጫማ ሰፊው ሳጥን፤ ሁልጊዜ ገመድ ላይ የሚረሳ አንድ ካልሲ። ሁሉንም ሣሉት። ብዙ ሰው የጠራው የውሃውን ማማ ነበር። ሆኖም የላይ ሰፈር ሰዎች የማማው መሰላል በስተግራ ነው አሉ፣ የታች ሰፈር ሰዎች በስተቀኝ። ነገሩ ወደ ክርክር ሊሄድ ሲል ጋሽ ምንይሉታል በእግራቸው ሄደው ማማውን ከሁለቱም በኩል አዩትና ሁለቱም ልክ መሆናቸውን አረጋገጡ። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ሁለት ማማ አለ። ከሁለቱ ሰፈር የመጡ ሰዎች አሁንም እሑድ እሑድ የየራሳቸውን ድመትና ካልሲ ሊፈልጉ ይመጣሉ።

ሥራው በ1999 ዓ.ም. ሲያልቅ ክብሩ ከጠበቁት በላይ ሆነ። ከጊዜ በኋላ አንድ መምህር ተማሪዎቹን እያመጣ «ሠዓሊው ከሁለቱም ወገን ላለመሆን ሲሉ ሁለቱንም ቀለም አስቀሩ፤ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው» እያለ ያስረዳ ጀመር። ጋሽ ምንይሉታል በአጠገቡ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ደስ አላላቸውም። «ያላሰብኩትን አስበሃል እያለ ያመሰግነኛል» ይሉ ነበር። አንድ ቀን መምህሩን ለብቻው ጠርተው ሊነግሩት ቢሞክሩ «ይሄ የእርስዎ ትሕትና ነው» ብሎ እጃቸውን ጨብጦ ሄደ። ለባለ ዳቦ ቤቷ ሲያወሩላቸው «ግድግዳው ሰው እየሰበሰበ ነው፣ ይተዉት ይሰብስብ» አሏቸው። «ባልሆንኩት ሰው ስም ነዋ የሚሰበስበው» አሉ። እውነቱ ቢወጣ ሰዉ የሚበተን መሰላቸው። ባይወጣ ደግሞ ክብሩ የእሳቸው እንዳልሆነ ተሰማቸው። በዚህ መካከል ብዙ ዓመት አለፈ።

በ2008 ዓ.ም. ዓይናቸውን ሲጋርዳቸው ልጆቻቸው ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። የዓይን ሐኪሟ ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ አሳየቻቸው። ሌላ ሰው ቁጥር የሚያይበት ገጽ ላይ እሳቸው ነጠብጣብ ብቻ አዩ። ሐኪሟ ይህ በብዙ ወንዶች ላይ ያለ፣ በእናት በኩል የሚወረስ ነገር እንደሆነ ነገረቻቸው። ጋሽ ምንይሉታል «ስም አለው እንዴ?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ከእሳቸው ሌላ በዓለም ላይ ሰው ያለ አይመስላቸውም ነበር። ሐኪሟ ደስታቸውን አይታ ልባሱ የተቀደደ አሮጌ መጽሐፍ ሰጠቻቸው።

ቀጥሎ ያለውን አንድ ዓመት ቤተሰቡ አይረሳውም። መጽሐፉን በብብታቸው ይዘው በሁለቱም ሰፈር እየዞሩ ያገኙትን ሁሉ ያስነብቡ ነበር። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወንዶች ፈትነው አሥራ ዘጠኝ አገኙ። ከላይ ሰፈር ዘጠኝ፣ ከታች ሰፈር አሥር። ሊቀመንበሩ ቤትም ደረሱ። ሊቀመንበሩ ያኔ በዕድሜ ገፍተው ከኮሚቴው ወጥተው ነበር። መጽሐፉን በመነጽራቸው ትኩር ብለው አዩና «ምንም የለበትም፤ ነጠብጣብ ነው» አሉ። ባለቤታቸው ከጀርባቸው አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ኧረ ሰባት ቁጥር ነው፣ እንዲህ ጎልቶ» አሉ።

ጋሽ ምንይሉታል የዳቦ ቤቱን ቀን አስታወሱ። ሊቀመንበሩ ያን ቀን ሕዝቡን አልናቁም፤ እውነታቸውን ነበር የተናገሩት። «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት አረንጓዴውን እንዴት ጠበቁት?» ብለው ጠየቋቸው። ሊቀመንበሩ «ሰው ሲጮህ እሰማለኋ» አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አግዳሚው ወንበር ላይ አብረው ይቀመጡ ነበር። ጋሽ ምንይሉታል የራሳቸውን ይፋ ለማውጣት ሲያስቡ ሊቀመንበሩ «የእኔን ግን አደራ» ይሏቸው ነበር። ሰው አንዱን ከሰማ ሌላውን መጠርጠሩ አይቀርም ብለው ስለፈሩ፣ ጋሽ ምንይሉታል ለወዳጃቸው ሲሉ የራሳቸውንም አቆዩት።

በ2015 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ሐኪሞች ምክንያቱ ለረጅም ዓመታት የተነፈሱት የቀለምና የአኳራጅ ሽታ እንደሆነ ነግረዋቸዋል። መሰላል መውጣት ቀረ፣ በኋላም ከቤት መውጣት ቀረ። በዚያው ዓመት ትልቋ ልጃቸው የጎልማሶች ትምህርት ጀመረች። ጋሽ ምንይሉታል ደብተሯን በየቀኑ ያዩላት ነበር። ባለፈው መጋቢት መጻፍ መቻሏን ሲያረጋግጡ «እንግዲህ ተቀመጪና የእኔን ጻፊ» አሏት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጻፈች። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ሲያርፉ እሷ ትደርስባቸው ነበር። «እንዳታሳምሪው» ይሏት ነበር። ሊቀመንበሩን የሚመለከተውን ግን አደራ ስላለባቸው አላስጻፉም።

ከማረፋቸው ከዘጠኝ ቀን በፊት ሊቀመንበሩ ሊጠይቋቸው መጡ። ጋሽ ምንይሉታል የተጻፈውን እንድታነብላቸው ልጃቸውን ጠየቋት። ቀስ እያለች፣ አንዳንዱን ቃል እየደጋገመች፣ አነበበችላቸው። ሊቀመንበሩ እስከ መጨረሻው ጭንቅላታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ «የእኔ ክፍል የታለ?» አሉ። የለም ሲባሉ «ጨምሪው የኔ ልጅ። እሱ ብቻውን አይቁም» አሉ።

ስለዚህ ተጨምሯል። ሊቀመንበሩ ዛሬ እዚህ ከቤተሰቡ መካከል ቆመዋል። ስለ እሳቸው የተነበበው በሙሉ በፈቃዳቸው የተነበበ ነው። መምህሩም ይህን ጽሑፍ ከትናንት በስቲያ ወደ ቤት መጥቶ ሁለት ጊዜ አንብቦታል። ቤተሰቡ መምህሩ ይቆጣ ይሆን ብሎ ሲጠብቅ «ግድግዳውን እንደገና ማየት አለብኝ» ብሎ ሄደ። ትናንት ጠዋት በዝናብ ውስጥ ግድግዳው ሥር ቆሞ ታይቷል። ከአሥራ ዘጠኙ ወንዶችም አሥራ አንዱ ለቀብሩ እንደሚመጡ ስማቸውን ሳይጠቅሱ ለቤተሰቡ መልእክት ልከዋል። አሁን ይህ በሚነበብበት ሰዓት ከሁለቱም ሰፈር ከመጣችሁት መካከል ማን ማን እንደሆኑ እኛም አናውቅም።

ጋሽ ምንይሉታል ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ በተወለዱባት ቤት በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ሴት ልጆች፣ የአውቶቡስ ሹፌር የሆነ አንድ ወንድ ልጅ፣ ሰባት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ታናሽ እህት፣ እንዲሁም እንደ እህት የሚያዩዋቸውን ባለ ዳቦ ቤቷን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩን ሐኪሞችና ጎረቤቶች፣ ከላይ ሰፈርም ከታች ሰፈርም ተነሥታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ፈጣሪ ያሳለፉትን ድካም ይቁጠርላቸው። ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበልልን። እኛንም እንደ እሳቸው የማናውቀውን ለመጠየቅ የማናፍር ያድርገን።